መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ

እኔና ወንድሜ የተኳረፍነው በአንዲት ቃል ነው። የእናታችን ሙት ዓመት ዕለት፣ ድንኳኑ በሰው ጢም ብሎ፣ የገዛ እጄን አረቄ ይዤ እየዞርኩ ስቀዳ ወልደ ኢየሱስ ጋ ደረስኩ። መለኪያውን በእጁ ክድን አደረገና «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አለኝ። እርግጥ ቀጂ መቅመሷ ደንብ ነው። ባዕድ እንግዳ ሲመጣ ቀጂዋ ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀምሳለች፣ ክፉ ነገር የለበትም ለማለት ነው። ግን እህቱን? በአንድ ጀርባ የታዘልን ሰዎች፣ ያውም በእናታችን ሙት ዓመት? ያን ሰሞን የሆነ ሰፈር አረቄ ሰው ፈጀ የሚል ወሬ ከተማውን ይዞት ስለነበር ድንኳኑ ጸጥ አለ፣ ማንኪያ እንኳ አልተንኳኳም። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ፣ ቀዳሁለት፣ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ እሱም የኔን ደጅ አልረገጠም፣ እኔም የሱን። ለአንዲት ቃል ይህን ያህል የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። እኔ በለጡ አረቄ ሸጬ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ፈረንሳይ ሰፈር፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የበለጡ ቤት የቱ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው መንገድ አይጠፋውም። ደንበኞቼ እንኳ ያላሉኝን ወንድሜ በሰው ፊት አለኝ። እሱን ፊደል ያስቆጠረው፣ ደብተርና ጫማ የገዛለት የእናታችን አረቄ መሆኑን ደግሞ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

እንዲህ እንደተዘጋጋን የ2008 ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለልጄ ለሃይሚ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ልጁ ሲሞን ይባላል፤ ወሰን ሰፈር ጋራዥ አለው፣ እጁ ግራሶ ነው እንጂ አንደበቱ ንጹሕ ነው፣ ወድጄዋለሁ። የቸገረኝ ሌላ ነው። የሃይሚ አባት በሕፃንነቷ ነው የሞተው። ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ «ልጃችንን ሰጥተናል» የሚል የሥጋ ዘመድ ወንድ ያለኝ ወልደ ኢየሱስ ብቻ ነው። ሃይሚ በስልክ ነግራው «እስቲ አያለሁ» ብሏታል። ወንድሜ ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የፈጀ ሰው ነው፤ ከመንግሥት ቢሮ ሰው አፍ «እስቲ አያለሁ» ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። የእድራችን ዳኛ አቶ ገረሱ «እኔ እቀመጥልሻለሁ፣ አታስቢ» ብለውኛል። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን እናቷ ወንድም እያላት፣ እሷ አጎት እያላት፣ ልጄ በእድር ዳኛ ትዳር? ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያነጋሁት።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሃይሚ በርሜሉን ከበርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ብርጭቆ ደርድራ ጠበቀችኝ። በርሜሉ የሷ ጣጣ ነው። መገናኛ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አለቃቸው ሠራተኞቹን ሰብስቦ ስለ መጠጥ አቀማመስ ያሠለጠናቸው ጊዜ፣ ተኪላ የሚባል የሜክሲኮ መጠጥ ከጠርሙሱ የተረፈውን በሃይላንድ ይዛልኝ መጣች። «እማዬ፣ ይሄ ቀይ ወይን የነበረበት በርሜል ውስጥ ተኝቶ ነው የወጣው» አለችኝ። ከምን እንደሚሠራ ብጠይቃት ቃጫ ከሚመስል ተክል ነው አለችኝ። ገመድ ነዋ የምትጠጡት ብዬ ሳቅኩባት። ስቀምሰው ግን ሳቄ ጠፋ። እሳቱ አለ፣ አረቄነቱ አለ፣ ግን ጉሮሮን ቧጥጦ አይወርድም፤ ረጋ ብሎ፣ የሚያውቀው ቤት እንደሚገባ ሰው ነው የሚገባው። የኛስ ለምን እንዲህ አይሆንም ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሆቴሉ ለቡፌ ቀይ ወይን ይቀዳበት የነበረ ትንሽ የእንጨት በርሜል ነበረው፤ ማፍሰስ ስለጀመረ መጋዘን ጥለውት ነበርና ሃይሚ ለምና አመጣችው። ውሃ ሞልተን እንጨቱ አብጦ ስንጥቁ እስኪገጥም ጠበቅን፣ ከዚያ ሁለቴ የወጣውን ዳግም አረቄዬን ከመስቀል በኋላ ጨመርንበትና አልጋዬ እግር ሥር አስተኛነው። ደንበኞቼ ሲሰሙ መሳቂያ አደረጉኝ። «በለጡ፣ አረቄው ተኛ ወይስ ነቃ?» እያሉ ነው የሚገቡት። የጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮዋ ልጅ ደግሞ ይሄማ ፕሮጀክት ይሆናል፣ ተደራጂ ብላ ነዘነዘችኝ። እስከዚያን ጠዋት ድረስ ግን አልከፈትነውም፤ የሃይሚ ሽማግሌ ሲመጣ ነው የሚከፈተው ብለን ተማምለናል።

ሃይሚ ቀዳችና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ቤታችን የቀበሌ ጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱም ቢሆን የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ በጣሪያው ጫፍ በኩል ትንሽ ፀሐይ ትገባለች። በዚያች ፀሐይ ነጩ አረቄዬ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ መልክ ይዞ አየሁት። «አትጨልጪው» አለችኝ። ማን ሊጨልጠው ነው? ከመስቀል ጀምሮ የጠበቅኩትን? መጀመሪያ አሽቺው፣ አፍሽን ከፈት አድርጊ፣ ትንሽ ተጎንጪ፣ ምላስሽ ላይ አዙሪው፣ ስሎው በይ፣ ቀስ፣ እያለች እንደ ሕፃን መራችኝ። አሸተትኩት። መጀመሪያ የዘቢብ ሽታ መጣ፣ ከሱ ኋላ ዝናብ የመታው እንጨት፣ ከዚያ ከሩቁ የጌሾዬ ምሬት። ስጎነጨው ትንሽ አቃጠለኝና ተወኝ፤ ከዋጥኩት በኋላ ግን አፌ ውስጥ ቆየ። ሃይሚ ይሄን ቆይታ ፊኒሽ ነው የምንለው አለችኝ። ከዚያች ከሜክሲኮዋ ያስቀረቻትን ጠብታ አውጥታ ጎን ለጎን ቀመስናቸው። የነሱ ጣፈጥ ይላል፣ ቅመም ቅመም ይላል፤ የኔ ሸካራ ነው፣ ከኋላው ምሬት አለው። አይመሳሰሉም፤ ግን ሁለቱንም ያ ወይን የነካቸው መሆኑ ያስታውቃል። ልጄ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አየችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም አለቀስኩ። ስንት ዓመት ያንን ድፍድፍ ሳማስል፣ በጢስ ዓይኔ ሲጠፋ፣ አንድ ቀን በዝግታ የሚጠጣ ነገር ይወጣኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደስ ሲለኝ ደግሞ ለማን ላቅምስ ብዬ አሰብኩና፣ ወደ አእምሮዬ የመጣው ያ ክፉ ወንድሜ ነው። ልጆች ሆነን እናታችን አረቄ ስታወጣ እሳት የምንቆሰቁሰው እኔና እሱ ነበርን፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ ማን ቀድሞ አየ እያልን እንጣላ ነበር። ጠርሙስ ሞልቼ በጋዜጣ ጠቀለልኩና ነጠላዬን አነሳሁ።

ታክሲው በዓልን ሰበብ አድርጎ ታሪፍ ጨምሯል። ከፈረንሳይ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ በላምበረት በወሰን በኩል የካ አባዶ ድረስ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ የቅርጫ ሥጋዋን በፌስታል አቅፋ፣ ሁለታችንም ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ ባለ ቁጥር ያቀፍነውን እየጠበቅን ሄድን። ወልደ ኢየሱስ ኮንዶሚኒየም ደርሶት እዚያ ከገባ ጀምሮ ቤቱን አይቼው አላውቅም። አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ ውሃ በጄሪካን የሚያወጡ ሰዎች እያሳለፍኩኝ ወጣሁ። የከፈተችልኝ ሚስቱ አገርነሽ ናት፤ ባየችኝ ጊዜ ክው አለችና አቀፈችኝ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግን ንጹሕ፤ ሶፋው ሁሉ ዳንቴል ለብሷል፣ መስኮቱ ሲከፈት አሻግሮ የእንጦጦ ጀርባ ይታያል። ወንድሜ ጋቢውን ደርቦ ቴሌቪዥን ያያል። ተነስቶ ሳመኝ፤ ጉንጩ ከስቷል። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም።

ተቀመጥን። አገርነሽ ሻይ አመጣች፣ ዳቦ አመጣች፣ ጤናሽ እንዴት ነው አለች፣ የቀበሌ ቤቶቹ ሊፈርሱ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ አለች፣ ሁሉን ጠየቀች። እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። ሻዬን ሳማስል የማንኪያው ድምፅ ይሰማል። ስለ ሽማግሌው እንዲያነሳ እየጠበቅኩ ነበር፤ እሱም እኔ እንዳነሳ እየጠበቀ ይሁን አላውቅም። መጨረሻ ላይ ሲታክተኝ ጠርሙሱን ከጋዜጣው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አረቄዬ ነው።»

«አረቄ ነጭ ነው።»

«የኔ ቀላ።»

«ምን ጨመርሽበት?»

ደሜ ፈላ። በርሜል ማለት እችል ነበር፤ ወይን የነበረበት በርሜል፣ ሃይሚ ያመጣችው፣ ይኸው ነው። አፌ ግን እንቢ አለኝ። ያ ድንኳን፣ ያ መለኪያ ላይ የተከደነ እጅ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣብኝ። ከዚያ ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነው? ምን ጨመርሽበት ለመባል?

«መርዝ ነዋ» አልኩትና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

አገርነሽ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እሱ እኮ እንዲያ ማለቱ አይደለም አለችኝ። እሱ ምን ማለቱ እንደሆነ ካወቅኩ ቆየሁ አልኳት። ግን እሷ ምን አጠፋች? ክንዷን ይዤ የበርሜሉን ነገር ነገርኳት፤ ተኪላውን፣ የሃይሚን ሐሳብ፣ ሁሉንም። «ለእሱ ግን እንዳትነግሪው» አልኳት። «ነግረሽው ቢጠጣ ምን ይረባኛል?»

ሽማግሌዎቹ ስንት ሰዓት እንደሚመጡ ጠየቀችኝ። አሥር ሰዓት ነው፣ ግን ተይው፣ አቶ ገረሱ አሉ፣ ብያት ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ሃይሚ ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ያንን በጣም ነው የምወድላት። ወንበሮቹን ከጎረቤት ተዋስን፣ አልጋውን በመጋረጃ ጋረድን፣ አቶ ገረሱ ኮታቸውን ለብሰው መጡና በሩን ፊት ለፊት በሚያየው፣ የአባት ወንበር ባልነው ላይ ተቀመጡ። የክብር አቀማመጥ ያውቁበታል፤ ምናቸውም አይነቀፍም። እኔ ግን ወደሳቸው ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ በሩ እመልሳለሁ። አሥር ሰዓት አልፎ ትንሽ እንደቆየ በሩ ተንኳኳ። እሱ መሰለኝና ቀድሜ ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ የሲሞን አጎት አቶ ሂርጳ፣ አቶ ኤጀታ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው፣ ሌላም አንድ አብሯቸው። ተቀመጡ ቢባሉ፣ ቆመን ነው የምንናገረው አሉ፣ ወጉም እንዲያ ነው። አቶ ኤጀታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ልጃችን ሲሞን ልጅ ይሁናችሁ፣ ልጃችሁን ሃይሚን ስጡን ብለው ባማረ ቋንቋ ጠየቁ። አቶ ገረሱ እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። የሚባለውን እንዲሉ ራሴን ልነቀንቅላቸው ቀና ስል፣ ክፍት በተተወው በር በኩል ሰው ገባ።

ወልደ ኢየሱስ ነው። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዟል። ከኋላው አገርነሽ አለች። አቶ ገረሱ ቶሎ ብለው ከወንበሩ ተነሱና ግድግዳው ጋ ወዳለው መቀመጫ ዞሩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ታክሲ አጥቼ ነው» አለ ወንድሜ። «የልጅቷ አጎት ነኝ።» ከረባቱን ነካ አድርጎ አከለ፤ «አባቷ ነኝ።»

ከመጋረጃው ኋላ የሃይሚ ሳግ ተሰማኝ። የቀረው እንደ ወጉ ሄደ። ወንድሜ ስለ ልጁ ሥራ ጠየቀ፣ ስለ ዘመድ አዝማዱ ጠየቀ፣ ልጅቷን አስጠርቶ ትወጂዋለሽ ወይ አላት፤ አንገቷን ደፍታ አዎ አለች። «እንግዲያው ልጃችንን ሰጥተናል፣ ተቀመጡ» አለ። ተቀመጡ። እልልታዬን ጎረቤቱ ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም።

እንግዲህ መጠጡ ነው። አገርነሽ ትሪውን አቀረበችልኝ፣ ወንድሜ የያዘውን ጠርሙስ ከጋዜጣው አውጥቶ ሰጠኝ። ስቀበለው ቀለለኝ፤ ጎድሏል። አገርነሽ ጆሮዬ ሥር ሆና «ማርያምን፣ ምንም አልነገርኩትም» አለችኝ። «አንቺ እንደወጣሽ ብዙ ቆየና ራሱ ቀድቶ ጠጣው። መርዝ ያልሽውን። ከዚያ ደገመና ሱፌን አውጪልኝ አለኝ።» ጠርሙሱን አጥብቄ ያዝኩት። ለአቶ ኤጀታ ቀዳሁ። አቶ ኤጀታ መለኪያውን አንስተው መልኩን አዩ፤ መልሰው ትንሽ ዝቅ አደረጉት። እኔን አዩኝ፣ ጓደኛቸውን አዩ። በልማዳቸው ነጭ የሚያውቁት ነገር ቀልቶ ሲቀርብ ምን ይበሉ? አልፈርድባቸውም። ግን ያ ጸጥታ፣ ያ የድንኳኑ ጸጥታ፣ ቤቴ መጣ። ደንቡ ደንብ ነውና ጠርሙሱን በቀኜ ይዤ ግራ መዳፌን ዘረጋሁ።

ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። «ቆዪ በለጥዬ» አለ። እናታችን ከሞተች ወዲህ በለጥዬ ብሎኝ አያውቅም። የገዛ መዳፉን እንደ ማንኪያ አጉድጉዶ ዘረጋልኝ። «እዚህ አፍስሺልኝ።»

የቤቱ አባት፣ ከረባት ያሰረ ሰው፣ እንደ ቀጂ ሴት መዳፉን ዘርግቶ ሲቆም ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። ጠብ አደረግኩለት። አልጨለጠውም። አሸተተው፣ ተጎነጨው፣ አፉ ውስጥ አዘዋወረው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ ምናልባት ቤቱ ብቻውን ሲጠጣ አረቄው ራሱ አስተምሮት ይሆናል። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «የእህቴ እጅ ነው» አለ ለሽማግሌዎቹ። «እኔ ቀምሼዋለሁ። ጠጡ።»

ጠጡ። አቶ ኤጀታ መጀመሪያ እንደ ለመዱት ሊጨልጡ አንስተው፣ ሃይሚ ከመጋረጃው ጫፍ «ቀስ ብለው ቢጠጡት ጋሼ» ስትላቸው ደንግጠው ቀስ አሉ፤ ከዚያ መለኪያውን አስቀምጠው ከንፈራቸውን ላሱ፣ ደግመው ላሱና «ገና አፌ ውስጥ አለ» አሉ። አቶ ሂርጳ ጴንጤ ናቸው፣ ሚሪንዳ ነበር የያዙት፤ የሰዉን ሁኔታ ሲያዩ ሚሪንዳውን አስቀምጠው የጎረቤታቸውን መለኪያ ለመኑ። «መጠጣቱን ጌታ አልፈቀደልኝም» አሉ፣ «ማሽተት ግን የከለከለኝ የለም።» አሸተቱና ብዙ ቆዩ። እኛ አገር ዝናብ ሲያባራ ጫካው እንዲህ ይሸታል ብለው መለኪያውን በሁለት እጃቸው መለሱ። አቶ ገረሱ ከግድግዳው ሥር ሆነው፣ በርሜል ስታንከባልል ባየኋት ጊዜ አብዳለች ብዬ ነበር ብለው አጋለጡኝ፣ ቤቱ ሳቀ። ወንድሜ ያኔ ነው በርሜል የሚባል ነገር የሰማው። ወደኔ ዞሮ «ይኸው ነበር?» አለኝ። «ይኸው ነበር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ሳቁና ሐፍረቱ አብረው ፊቱ ላይ ታዩ።

ለሁለተኛው ዙር ጠርሙሱን አነሳሁ። የስንት ዓመት ልማድ ነውና ግራ መዳፌ ሳላስበው ተዘርግቷል። ወንድሜ አየኝ። ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደ፣ ከትሪው ላይ ከሃይሚ ቀጫጭን ብርጭቆዎች አንዱን አንስቶ ራሱ ቀዳበትና የተዘረጋው መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ጠጪ» አለኝ፣ ወንበሩንም ጠጋ አደረገልኝ።